ሳይለማመድ የሚችል ልጅ፦ ስለ ድራም፣ ስለ ቤዝቦልና ስለ ተሰጥኦ

ጥያቄው፦ «ልጄ 11 ዓመቱ ነው፤ የምንኖረው ቨርጂኒያ ነው። ድራም ማንም ሳያስተምረው ነው የጀመረው፣ አንድ ዘፈን ሁለቴ ከሰማ ይመታዋል። የትምህርት ቤቱ የባንድ አስተማሪ ‹ከተፈጥሮ ያገኘው ነው› ይላሉ። ቤት ውስጥ ሲለማመድ ግን አይቼው አላውቅም። ቤዝቦል የጀመረው በ9 ዓመቱ ነው። በጣም ይወደዋል፣ ከልምምድ ቀርቶ አያውቅም፣ ግን ኳሱን መምታት አቅቶታል። አሠልጣኙ ቴክኒክ ይቀረዋል ይላል። አባቱ ደግሞ ‹እግዚአብሔር የሰጠውን ይያዝ፣ ያልሰጠውን ይተው› ብሎ ቤዝቦሉን አስቁመን ትልቅ ድራም እንግዛለት ይለኛል። እኔ ልጁ እያለቀሰ እንዲተው አልፈልግም። ከተሰጥኦና ከቴክኒክ የቱ ይበልጣል? ድራሙንስ እንግዛ?»

እህቴ፣ ድራም ማስተማር ከጀመርኩ 19 ዓመት ሆኖኛል። ልጄ ቤዝቦል ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈራችንን ልጆች አሠለጥናለሁ። የጻፍሽው ነገር ከሁለቱም በኩል ይገባኛል። መልሴን አስቀድሜ ልንገርሽ። ቤዝቦሉን አታስቁሙት። እኔን ያሳሰበኝ ቤዝቦሉ አይደለም፣ ድራሙ ነው።

ግራ እንደሚያጋባሽ አውቃለሁ። የሚችለው ላይ ሰጋሁለት፣ ያቃተው ላይ ግን አልሰጋሁም። ምክንያቴ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሺኝ። ዓመቶቹን በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ባለቤትሽ ልክ የሆነበትን ልናገር። ተሰጥኦ የሚባል ነገር አለ። «ሁሉም ልምምድ ነው፣ 10 ሺህ ሰዓት የሠራ ሁሉ ይደርሳል» የሚሉትን አትስሚያቸው። በ2014 ስዊድን ውስጥ ከ10 ሺህ በላይ በሆኑ መንትዮች ላይ የተሠራ አንድ ጥናት ወጥቶ ነበር። በዘር ፍጹም አንድ ከሆኑ መንትዮች መካከል አንዱ ከሌላው ብዙ ሰዓት ቢለማመድም፣ ምትን ከምት፣ ድምፅን ከድምፅ በመለየት አልበለጠውም። እኔም ክፍሌ ውስጥ የማየው ይኸንኑ ነው። አንዳንዱ ልጅ ገና ሲቀመጥ ምቱ ውስጡ አለ። አንዳንዱ ዓመት ሙሉ ቆጥሮም ይስታል።

ግን እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በይልኝ። ጥናቱ የለካው ጆሮን ነው፤ እጅን አልለካም። ጆሮ የቱንም ያህል የታደለ ቢሆን፣ ግራ እጅ ሳይሠለጥን ሮል፣ ያለማቋረጥ የሚንከባለለውን ፈጣን ምት፣ አይመታም። ሰው «ልጁ ተሰጥኦ አለው» ሲል ሁለቱን አንድ ላይ ይጠቀልላቸዋል። ያንቺም ልጅ ያለው ጆሮ ነው። ስለ እጁ ገና ምንም አናውቅም።

ከዚያው ጥናት ሌላ የገረመኝ ነገር አለ። አንዱ ሰው ብዙ ሌላው ትንሽ የሚለማመድበት ልዩነት ራሱ፣ ከ40 እስከ 70 በመቶ ያህሉ ከዘር ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኘ። ለመልፋት ያለን ፍቅርም በከፊል አብሮን ይወለዳል ማለት ነው። እና ያ ከልምምድ ቀርቶ የማያውቀው ልጅ፣ በማይሳካለት ነገር ላይ ሁለት ዓመት የቆየው ልጅ፣ ቤዝቦል ላይ ምንም አልተሰጠውም ይባላል? እኔ አልልም።

አሁን ወደ ቤዝቦሉ እንግባ። ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ፦ ወርዋሪው፣ ፒቸር የሚሉት፣ ሜዳው መሃል ካለችው ጉብታ ላይ ሆኖ ይወረውራል፤ መቺው ባቱን፣ የመምቻውን ዱላ፣ ይዞ ይጠብቃል። በትልልቆቹ ሊግ፣ ሜጀር ሊግ በሚሉት፣ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 18 ሜትር ከ44 ሳንቲ ሜትር ነው። በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር የሚበር ኳስ ይህን ርቀት በ0.4 ሰከንድ ገደማ ይጨርሰዋል። ባቱን ለማዞርም ጊዜ ያስፈልጋል። ስለዚህ መቺው ኳሱ መንገዱን ሳያጋምስ «ልምታ፣ አልምታ» ብሎ መወሰን አለበት።

ይህን ያየ ሰው «እንዴት ያለ ፈጣን ፍጥረት ነው!» ይላል። ነገሩ ግን ከፍጥነት ይልቅ ከማወቅ ጋር የተያያዘ ነው። መቺው ኳሱን ብቻ አይደለም የሚያየው፤ የወርዋሪውን ትከሻ፣ የክንዱን አመጣጥ፣ የጣቶቹን አያያዝ፣ ኳሱ ከእጅ ሲወጣ የሚሽከረከርበትን አኳኋን ያነባል። ኳሱ ገና ሳይለቀቅ ግማሹን መልስ ያውቀዋል። ይህ ንባብ ከማንም ጋር አብሮ አይወለድም።

ማስረጃ ልስጥሽ። አልበርት ፑሆልስ በሜጀር ሊግ ታሪክ ከምርጦቹ መቺዎች አንዱ ነው፤ 703 ሆምረን፣ ኳሱን ከሜዳው ውጭ የሚያወጣ ምት፣ አስመዝግቦ ነው የወጣው። በ2004 በአንድ የወዳጅነት ጨዋታ ላይ ጄኒ ፊንች የምትባል የሶፍትቦል፣ ቤዝቦልን የሚመስል ጨዋታ፣ ወርዋሪ ገጠመችው። የሶፍትቦል ኳስ ትልቅ ነው፣ ፍጥነቱም ከቤዝቦሉ ያንሳል። ከቅርብ ስለሚወረወር ግን መቺው የሚያገኘው ጊዜ ተቀራራቢ ነው። ፑሆልስ መምታት አቃተው፤ ስትራይክአውት ሆኖ፣ ሦስት ጊዜ ስቶ ማለት ነው፣ ወጣ። ሌሎች የሜጀር ሊግ መቺዎችም እንደዚያው ሆኑ። ዓይኑ ያው ዓይን ነው፣ እጁም ያው እጅ ነው። ነገር ግን እሷ ከታች፣ ከዳሌዋ አጠገብ ነው የምትወረውረው። ዕድሜ ልኩን ያከማቸው ንባብ በእሷ ክንድ ላይ አልሠራለትም። ተፈጥሮው ቢሆን ኖሮ አብሮት በተገኘ ነበር።

ማይክል ጆርዳንንስ? ከእሱ በላይ በአካል የታደለ ሰው ጥሪ ብትባይ ማንን ትጠሪያለሽ? በ1994 ቅርጫት ኳሱን ትቶ አላባማ ውስጥ በበርሚንግሃም ባረንስ፣ ከሜጀር ሊግ ሁለት እርከን ዝቅ ባለ ቡድን፣ ቤዝቦል ተጫወተ። መጀመሪያ ላይ 13 ጨዋታ በተከታታይ መታ። ከዚያ ወርዋሪዎቹ ነቁበት፤ ከርቭቦሉን፣ የሚታጠፈውን ኳስ ይወረውሩለት ጀመር። በ127 ጨዋታ 114 ጊዜ ስትራይክአውት ሆነ። የመምታት አማካዩ .202 ነበር፤ ከአምስት ሙከራ አንዷን ብቻ እንደማለት ነው። ሰነፍ ነበር እንዳይባል ከማንም በፊት መጥቶ ከማንም በኋላ የሚሄድ ሰው ነበር። እዚያው ዓመት መጸው ላይ አሪዞና በተደረገው ሊግ .252 መታ። እያሻሻለ ነበር ማለት ነው። የጎደለው ከልጅነት ጀምሮ ያልታየ ኳስ ነበር፤ እነሱ በሺህ የሚቆጠር ከርቭቦል አይተው ነው ያደጉት፣ እሱ በዚያ ዕድሜው ቅርጫት ኳስ ሜዳ ላይ ነበር።

ያንቺን ልጅ በዚህ መነጽር እዪው። እዚህ አገር ብዙው ልጅ በአራትና በአምስት ዓመቱ ነው ባት የሚይዘው። አባት ከሥራ ሲመለስ ጓሮ ወጥቶ ይወረውርለታል። የእኛ ልጆች አባት በአብዛኛው ቤዝቦል አላደገበትም፣ እኔም አላደግኩበትም፤ ልጁ የሚያየው ኳስ የቡድኑ ልምምድ ላይ ያለችውን ብቻ ነው። በ9 ዓመቱ ሲገባ የአራት ዓመት ኳስ ጎድሎት ነው የገባው። እህቴ፣ ይህ የዘገየ ልጅ ነው፤ ያልተሰጠው ልጅ አይደለም። ሁለቱን እባክሽ አባቱም አይቀላቅላቸው።

ደግሞም ይህ ጨዋታ መሳትን የሚያስተምር ጨዋታ ነው። ከአሥር ሙከራ ሦስቱን የሚመታ ሰው ትልቅ መቺ ይባላል። ቴድ ዊሊያምስ በ1941 .406 መታ፤ እሱ እንኳ ከአሥሩ ስድስት ያህሉ አልተሳካለትም። ሜዳ ዳር ቆመሽ ልጅሽ ሲስት ሆድሽ እንደሚባባ አውቃለሁ፣ የእኔም ይባባል። ግን መሳቱ ብቻውን ምንም አይነግርሽም።

አካል ምንም አያደርግም ማለቴም አይደለም። በ1990ዎቹ የሎስ አንጀለስ ዶጀርስ የተባለውን የሜጀር ሊግ ቡድን ተጫዋቾች ዓይን የመረመረ ሐኪም ከተራው ሰው በብዙ የተሻለ ዓይን ነው ያገኘው። በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር የሚወረውር ክንድም በልምምድ ብቻ አይገኝም። ሜጀር ሊግ ለመድረስ ይህ ያስፈልጋል። እኛ ግን የምናወራው ስለ 11 ዓመት ልጅ ነው፤ ጣሪያው የት እንደሆነ አሁን ማንም ሊነግርሽ አይችልም። ማይክ ፒያዛ የሜጀር ሊግ ቡድኖች አዲስ ተጫዋች በየተራ ሲመርጡ፣ በ1988 የተመረጠው በ62ኛው ዙር፣ 1,390ኛ ሆኖ ነው። መራጮቹ ሥራቸው ይኸው ነው፣ ሰው መመዘን። ፒያዛ በ2016 የቤዝቦል የክብር አዳራሽ ገባ።

እንግዲህ ወደሚያሳስበኝ ነገር፣ ወደ ድራሙ።

«ሳይለማመድ ይችላል» የሚለው ወሬ ድራመሮች ዘንድ አንድ ትልቅ አባት አለው፤ በዲ ሪች። በ1917 ኒውዮርክ ተወለደ። ኖታ ማንበብ አይችልም ነበር፤ አልለማመድም እያለም ይናገር ነበር። እጁ ግን እስካሁን የሚያስደነግጥ ነው። ሰነፍ ተማሪዎቼ ሁሉ ስሙን ይጠሩብኛል። እኔ ግን እንዲህ እላቸዋለሁ፦ ወላጆቹ የመድረክ ትርዒት ሰዎች ነበሩ፤ እሱ ድራም ይዞ መድረክ ላይ የወጣው የአንድ ዓመት ተኩል ሕፃን ሳለ ነው። ሌላው ልጅ ኳስ ሲያንከባልል እሱ ከከተማ ከተማ እየዞረ፣ ሰው እያየው፣ ማታ ማታ ይመታ ነበር። ልምምዱን ቤቱ አላደረገው ይሆናል፤ መድረኩ ላይ አድርጎታል። ልጅሽ ያ መድረክ የለውም።

ቶኒ ዊሊያምስም በ17 ዓመቱ፣ በ1963፣ የታላቁ የጃዝ መለከተኛ የማይልስ ዴቪስ ባንድ ውስጥ ገባ። የሰማው ሁሉ ተአምር አለ። ከልጅነቱ ጀምሮ ግን ቦስተን ውስጥ አለን ዳውሰን ከሚባል ብርቱ አስተማሪ እግር ሥር ነበር።

ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በዓል ሲሆን ከበሮ የሚመቱትን አስቢ። አቋቋም የተማረ ሰው ዝማሜውን፣ መረግዱን፣ ጽፋቱን፣ ወረቡን ዓመታት ፈጅቶ፣ መምህሩ ፊት እየቆመ ነው የያዘው። ጆሮው የሠላ ልጅ ሲገኝ መምህሩ ደስ ይለዋል፣ ትምህርቱን ግን አይቀንስለትም። «አንተማ ተሰጥቶሃል፣ ሂድ» የሚል የአቋቋም መምህር አላየሁም።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ተሰጥኦ ስህተትን ይደብቃል። ጆሮ ያለው ልጅ ዘፈኑን ስለሚያውቀው፣ እጁ ቢበላሽም ዘፈኑ ያው ዘፈኑን ይመስላል። ሰሚው ያጨበጭባል። እጁ ላይ ያለውን ማንም አያይም።

እጁ ላይ ምን አለ? የድራም ቆዳ ስቲኩን፣ የመምቻውን ዘንግ፣ መልሶ ይወረውረዋል። የተማረ እጅ ያንን መመለስ ይቀበለዋል፤ ስቲኩ በጣቶቹ መሃል ይተነፍሳል፣ ግማሹን ሥራ ቆዳው ይሠራለታል። ያልተማረ እጅ ስቲኩን ጨምድዶ ይይዛል፤ እያንዳንዷን ምት በራሱ ጉልበት ያነሳል፣ በራሱ ጉልበት ይጥላል። በደቂቃ 90 ምት ላይ ልዩነቱ አይታይም፣ አይሰማም። 180 ላይ ክንዱ ይግላል፣ ይዝላል። በዚያ ላይ ግራ እጅ አለ። ሳያስተምሩት የጀመረ ልጅ ከባዱን ነገር ሁሉ ለቀኙ ይሰጣል፤ ግራው ዓመት ሙሉ ሎሌ ሆኖ ይቀራል።

አንድ ተማሪ ነበረኝ። በ12 ዓመቱ ነው የመጣው፤ ካስተማርኳቸው ሁሉ ጆሮው የሚበልጥ እሱ ነበር። ሩዲመንት፣ የድራም ፊደል ማለት ነው፣ ስሰጠው ይሰለቻል። «ይኼማ ቀላል ነው» ይለኛል። ዘፈን ስሰጠው ደግሞ ያንሳፍፈኛል። እኔም ዝም አልኩት። ደስ ብሎኝ ዝም አልኩት። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፣ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። 15 ሲሞላው ሙዚቃው ከበደ። ፈጣን ነገር መጣ፣ ኖታ ማንበብ መጣ፣ በዝግታና በለሆሳስ መምታት መጣ። ክንዱን ያመው ጀመር። ከእሱ በኋላ የጀመሩ፣ ጆሯቸው ከእሱ የማይደርስ ልጆች አለፉት። ከክንዱ ሕመም ይልቅ የሰበረው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ተቸግሮ መማር ምን እንደሚመስል አያውቅም ነበር። አንድ ነገር ሲያቅተው «አልተሰጠኝም ማለት ነው» አለ። ትምህርቱን ተወው።

ቤዝቦል ሜዳ ላይም ይኸው አለ። በሊትል ሊግ፣ በልጆቹ የቤዝቦል ውድድር፣ እስከ 12 ዓመት ድረስ ወርዋሪው የሚቆመው 14 ሜትር ላይ ነው። ቶሎ ያደገ፣ ክንደ ብርቱ ልጅ ዝም ብሎ በኃይል በመወርወር ብቻ ሁሉን ያሸንፋል። 13ና 14 ዓመት ላይ ርቀቱ ወደ ትልልቆቹ፣ ወደ 18 ሜትሩ ይሄዳል፤ ከርቭቦልም ይመጣል። ያኔ በዕድሜያቸው ንጉሥ የነበሩ ልጆች ሲወድቁ አይቻለሁ፤ ሲታገሉ የኖሩት ደግሞ ቀና ሲሉ።

የዚህ ነገር ትልቁ ምሳሌ ስቲቭ ዳልኮውስኪ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ የነበረ ወርዋሪ ነው። ያዩት ሰዎች ከእሱ ፈጥኖ የወረወረ አላየንም ይላሉ። በ1960 ስቶክተን፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ በ170 ኢኒንግ፣ በ170 የጨዋታ ዙር ማለት ነው፣ 262 ሰው ስትራይክአውት አደረገ፤ በዚያው ወቅት 262 ሰው ደግሞ ኳሱ ከመስመር እየወጣበት በነፃ አሳለፈ። ቁጥሩ እኩል ነው። ያን ያህል ተሰጥኦ፣ ያን ያህል ብክነት። በ1962 ኧርል ዊቨር የሚባል አሠልጣኝ ነገሩን አቀለለለት፤ ጥቂት ነገር ብቻ እንዲያስብ፣ ዝግ ብሎ ኳሱን መስመር ውስጥ እንዲያስገባ አደረገው። ሰውዬው ተለወጠ። በቀጣዩ ዓመት መጋቢት ላይ ወደ ሜጀር ሊግ ሊገባ ደጃፉ ላይ እያለ ክርኑ ተጎዳ። አንድም የሜጀር ሊግ ጨዋታ ሳይጫወት ቀረ። ዊቨር አምስት ዓመት ቀድሞ ቢያገኘው ኖሮ እያልኩ ብዙ ጊዜ አስባለሁ።

በተቃራኒው ደግሞ ኒል ፒርት አለ፤ ረሽ የተባለው የካናዳ የሮክ ባንድ ድራመር። በ1994 ዕድሜው 40 አልፎ፣ በዓለም ላይ ከሚደነቁት አንዱ ሆኖ ሳለ፣ ፍሬዲ ግሩበር ወደሚባል አዛውንት አስተማሪ ሄዶ ተማሪ ሆነ። ስቲኩን የሚይዝበትን፣ የሚቀመጥበትን ከፍታ፣ እጁ በሁለት ምት መሃል አየር ላይ የሚሄድበትን መንገድ ሳይቀር ከሥሩ ለወጠ። ከወራት ልምምድ በኋላ ነው ወደ ባንዱ የተመለሰው። ለምን ይመስልሻል? ተሰጥኦው ሊያደርሰው የሚችለው ቦታ ደርሶ እጁ እንደገደበው ስለገባው ነው። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግር አንዳንዱ ዓይኑ ይፈጣል። 30 ዓመት ገደማ መትቶ እንደገና ስቲክ አያያዝ!

ሁለት ሰዎች ጨምሬ ወደ ቤትሽ እመለሳለሁ። ጂም አቦት ያለ ቀኝ እጅ ነው የተወለደው። ጓንቱን በቀኝ ክንዱ ጫፍ ላይ ያስደግፋል፣ በግራው ይወረውራል፣ ወዲያው ግራ እጁን ጓንቱ ውስጥ ያስገባል። ኳስ ከተመታበት ይይዛል፤ ጓንቱን ብብቱ ሥር አድርጎ ኳሱን ያወጣና ይወረውራል። ይህን ሁሉ ከልጅነቱ ጀምሮ ራሱ ቀምሮ፣ ደጋግሞ ደጋግሞ ነው ያመጣው። መስከረም 4 ቀን 1993 ለያንኪስ ሲጫወት የክሊቭላንድን ቡድን አንድ እንኳ ሳያስመታ ጨረሰ። ሪክ አለን ደግሞ ዴፍ ሌፐርድ የተባለው የእንግሊዝ የሮክ ባንድ ድራመር ነው። በ1984 የመጨረሻ ቀን በመኪና አደጋ ግራ እጁን አጣ። የግራ እጁን ሥራ ለግራ እግሩ አስተማረው፤ በፔዳል የሚሠራ ኤሌክትሮኒክ ድራም አሠርቶ በ1986 መድረክ ላይ ተመለሰ። ምቱ ጭንቅላቱ ውስጥ ነበር፣ አልጠፋም። መውጫ መንገድ ግን አዲስ መሥራት ነበረበት። ቴክኒክ ስል ይኼን ነው፤ ውስጥ ያለው የሚወጣበት መንገድ።

አሁን ደስ የሚለኝን ነገር ልንገርሽ፤ የልጅሽ ሁለት ነገሮች ወንድማማች ናቸው። ዋረን ስፓን የሚባል 363 ጨዋታ ያሸነፈ ወርዋሪ ነበር፤ መምታት ጊዜን መጠበቅ ነው፣ መወርወር ደግሞ ያንን ጊዜ ማፍረስ ነው ይል ነበር። ይህ የድራመር ንግግር ነው! ቼንጅአፕ የሚባለው ኳስ ክንዱ እንደ ፈጣኑ ይመጣል፣ ኳሱ ግን ዘግይቶ ይደርሳል፤ መቺውን ከቴምፖ ማስወጣት ነው። እኔ ከልጆቹ ጋር ስሠራ ወርዋሪው እግሩን ሲያነሳ «አንድ»፣ እግሩ ሲያርፍ «ሁለት»፣ ኳሱ ሲደርስ «ምታ» እያሰኘሁ አስቆጥራቸዋለሁ። ያንቺ ልጅ ይህን ጆሮ ይዞ ሜዳ ገብቶ አልተጠቀመበትም፤ ማንም እንዲጠቀምበት አልነገረውም።

አካሉም ያው ነው። ቡሄ ሲደርስ ጅራፍ ያጮኸ ሰው ይገባዋል። ጅራፍ በጉልበት አይጮህም፤ እጅ ከተገተረ ድምፁ ይሞታል። ከትከሻ የተነሳው ወደ ክርን፣ ከክርን ወደ አንጓ፣ ከዚያ ወደ ጫፉ ሲፈስ ነው የሚጮኸው። ጥሩ ውርወራም፣ ጥሩ የባት ምትም ከእግርና ከወገብ ተነስቶ እንደዚያ ነው የሚፈሰው። ድራም ላይም ሞለር የሚባለው አመታት፣ በሳንፎርድ ሞለር በ1925 መጽሐፍ የታወቀው፣ ልክ የጅራፍ እንቅስቃሴ ነው። አንዱ ላይ እጁን ማላላት የተማረ ልጅ ሌላው ላይ ግማሽ መንገድ ሄዷል።

እንግዲህ ቤት ውስጥ ምን ታደርጊያለሽ።

መጀመሪያ ፈትኚው፤ ፈተና መሆኑን ግን አትንገሪው። የሚወደውን ምት በሜትሮኖም በደቂቃ 60 ላይ፣ በጣም ዝግ አድርጎ፣ ለሁለት ደቂቃ ይምታ። ሜትሮኖም፣ ምት የሚቆጥረው መሣሪያ፣ ስልክ ላይ በነፃ ይገኛል። ከዚያ ያንኑ በግራ እጁ መሪነት። ከዚያ ጎረቤት እንዳይሰማ አድርጎ፣ በለሆሳስ። በስልክሽ ቅረጪው። ካልተንገዳገደ እኔ ተሳስቻለሁ፣ ደስ ይለኛል። ከተንገዳገደ፣ አብዛኛው እንደሱ ያለ ልጅ ይንገዳገዳል፣ ቅጂውን ራሱ ይስማው። አንቺ ምንም አትበይ። ጆሮው ይነግረዋል፤ ጆሮ ያለው ልጅ ጥቅሙ ይህ ነው።

ከዚያ አስተማሪ ፈልጊለት። በሳምንት አንድ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። የምትመርጪው ሰው መጀመሪያ የልጁን እጅ የሚያይ ይሁን፤ ዘፈን አስመትቶ «ጎበዝ» ብሎ የሚሸኝ አይሁን። በቀን 15 ወይም 20 ደቂቃ በቂ ነው፣ ግን በየቀኑ። ኖታ ማንበብ አሁን ይጀምር፤ በ15 ዓመት ሲጀመር ክብርን ይነካል፣ በ11 ግን ጨዋታ ነው።

ቤዝቦሉ ላይ ደግሞ ብዙ ኳስ ይይ። አባቱ ቤዝቦል ባያውቅም ግድ የለም። ጓሮ ወይም ፓርክ ወጥቶ ከአምስት ሜትር ላይ በእርጋታ፣ ከታች ወደ ላይ ይወርውርለት፤ 50 ኳስ፣ በሳምንት ሦስት ቀን። ሌላው ልጅ ልምምድ ላይ ሲወረውር ልጅሽ ባት ይዞ ሳይመታ ቆሞ ይመልከት፣ ኳሱ ከእጅ ሲወጣ «ፈጣን» ወይም «ዝግ» ብሎ ይጥራ። የጎደሉት አራት ዓመታት የሚሞሉት እንዲህ ነው። አሠልጣኙ እንዲወረውር ካስገባው ደግሞ ቁጥሩን ተከታተይ፤ ሊትል ሊግ ለ11ና ለ12 ዓመት ልጆች በቀን ከ85 ውርወራ በላይ አይፈቅድም፣ 66 ከደረሰም አራት ቀን ዕረፍት አለ። የልጅ ክርን ቀልድ አይደለም።

ለባለቤትሽ ደግሞ ይህን በይልኝ። ልጃችሁ ቤዝቦል ላይ የሚማረውን ነገር፣ ስቶ ተመልሶ መቆምን፣ ድራሙ ላይ አልተማረውም፣ ምክንያቱም ድራሙ እስካሁን አስቸግሮት አያውቅም። 14 ዓመት ሆኖት ድራሙ ሲከብደው የሚያድነው ይህ ነው። ቤዝቦሉን ብታስቆሙት ያቃተኝን ነገር እተዋለሁ የሚለውን ትምህርት ከገዛ ቤቱ ይዞ ይወጣል።

ትልቁን ድራም አሁን አትግዙ። ትምህርት ቤቱ የባንድ ክፍል ውስጥ አለለት። ቤት የሚያስፈልገው አንድ የጎማ ፓድ፣ ለእጁ የሚሆን አንድ ጥንድ ስቲክና ሜትሮኖሙ ነው። ፓድ ዘፈን አይሆንም፣ ምንም ስህተት አይደብቅም፤ የሚሰማው የእጁ ምት ብቻ ነው። ጎረቤትም አያማርርም። ሦስት ወር ፓዱን ሳይሰለች ከያዘው፣ ያገለገለ ግን ደህና የሆነ ድራም ፈልጉለት፣ ሲመርጥም እሱ ራሱ ይኑር። የ60ዋን ቅጂ አታጥፊያት፤ ከሦስት ወር በኋላ ያንኑ ምት እንደገና ቅረጪና ሁለቱን አብራችሁ ስሙ።